ጤዛ፣ ድፍረት፣ ላምብ ወይስ ሳንኮፋ? የትኛውን ፊልም፣ መቼ፣ ከማን ጋር?

ቡናው በረካ ላይ ሲደርስ አንዱ “እስቲ ደህና የአገራችንን ፊልም ክፈቱልን” ይላል። ስም አይጠፋም። ጤዛ ይባላል፣ ድፍረት ይባላል፣ ላምብ ይባላል፤ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ካለ ሳንኮፋን ያነሳል። ከዚያ የትኛው የት እንደተሸለመ ይቆጠርና ብዙ የተሸለመው ይከፈታል። በአርባኛው ደቂቃ ላይ ግማሹ ቤት ስልኩ ላይ አቀርቅሯል። ጥፋቱ የፊልሙ አይደለም፤ የምርጫው ነው። ሽልማት ፊልሙ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ፣ ልጆች አጠገብ መታየት እንደሚችልና እንደማይችል፣ የተመልካቹ አማርኛ ቢሰበር ምን ያህሉ እንደሚቀር አይነግርም።

ስለዚህ እዚህ የምናወዳድረው ከሽልማት መደርደሪያ ሳይሆን ከሳሎን አንጻር ነው። አምስት ፊልሞች ናቸው፦ ሦስቱ የኃይሌ ገሪማ፣ አንዱ የዘረሰናይ ብርሃኔ መሐሪ፣ አንዱ የያሬድ ዘለቀ። “ዓ.ም.” ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይህ ነው። የአገር ፊልም አይቶ ለማያውቅ እንግዳ ድፍረት። ልጆች ባሉበት ቤት ላምብ። አሜሪካ ተወልዶ ላደገ ጎረምሳ ሳንኮፋ። ሙሉ ማታ ነፃ ለሆነና ለብቻው ወይም ከአንድ ሰው ጋር ለሚያይ ጤዛ። ከሁሉም የሚበልጠው ግን ምርት ሦስት ሺህ ዓመት ነው፤ በእሱ መጀመር ግን ብዙ ሰው ያስኮርፋል።

ድፍረት፦ በቀላሉ የሚከፈተው በር

99 ደቂቃ ነው፤ የወጣው በ2014። ታሪኩ አንድ መስመር ይዞ ይሄዳል፦ የ14 ዓመት ልጅ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በፈረሰኞች ትጠለፋለች፣ ለማምለጥ ስትል በጠላፊዋ ጠመንጃ ጠላፊዋን ትገድላለች፣ አንዲት የሕግ ባለሙያ ጉዳዩን ትይዛለች። መነሻው በ1990ዎቹ አጋማሽ አርሲ ውስጥ የደረሰ እውነተኛ ጉዳይ ነው። በፊልሙ ጠበቃዋ የወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ስም ይዛለች፤ ወይዘሮ መዓዛ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን ከመሠረቱት አንዷ ሲሆኑ በኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሆነዋል። ፊልሙ በ2014 በሰንዳንስም በበርሊንም የፊልም ፌስቲቫል ያገኘው የተመልካች ሽልማት ነው፤ ይህ አንድ ነገር ይነግረናል፦ ዳኞችን ሳይሆን ወንበር ላይ የተቀመጠውን ሰው የሚይዝ ሥራ ነው።

ለቡድን የሚመቸው በምክንያት ነው። ጊዜው ወደፊት ብቻ ይሄዳል። አንድ ሰው ተነሥቶ እንጀራ አቅርቦ ቢመለስ የት እንደደረሰ በሁለት ዓረፍተ ነገር ይነገረዋል። ጥያቄውም ግልጽ ነው፦ ትፈረድባታለች ወይስ አትፈረድባትም? ስለዚህ ሲያልቅ ክርክር ይነሣል፣ ክርክሩም ከፊልሙ አይሸሽም።

ስሙ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። “ድፍረት” ስንል ጀግንነት ማለታችን ነው፤ “ተደፈረች” ስንል ደግሞ ሌላ ነገር ነው። አንዱ ቃል የልጅቷን ጉዳትም፣ የልጅቷን ጉብዝናም ይሸከማል። በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ለሚያዩ ልጆችና እንግዶች ይህን ከመጀመሩ በፊት በአንድ ደቂቃ ብትነግሯቸው ፊልሙን በሌላ ዓይን ያዩታል። ማንም ተርጓሚ ይህን በአንድ ቃል አይሞላውም።

ከትዕይንቶቹ የሽማግሌዎቹን ሸንጎ ልብ በሉ። ካሜራው ሽማግሌዎቹን እንደ ክፉ ሰዎች አያሳያቸውም፤ በተራቸው ይናገራሉ፣ ይደማመጣሉ፣ በራሳቸው ሥርዓት ፍትሕ ይፈልጋሉ። የሚያስደነግጠው ይኸው ነው፦ በዚህ ሁሉ ጨዋነት መካከል ልጅቷ ቦታ የላትም። የዘረሰናይ ምርጡ ሥራ እዚያ ነው። በቴሌቪዥን ድራማና በግጥም የምትታወቀው ሜሮን ጌትነት ጠበቃዋን፣ ትዝታ ሀገሬ ልጅቷን ይጫወታሉ። ከሁለቱ እኛ ለትዝታ እናደላለን፤ ብዙ አትናገርም፣ ግን ሰው ወደ ክፍል በገባ ቁጥር ትከሻዋ ሲሰበሰብ ይታያል።

ድክመቱም አይደበቅ። ጠበቃዋ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አትጠራጠርም፤ ስለዚህ ሜሮን የምትጫወተው ውሳኔን እንጂ ወደ ውሳኔ መድረስን አይደለም። ደግሞ ጉዳዩ የደረሰው አርሲ ሆኖ ፊልሙ በአማርኛ መናገሩ ለአካባቢው ሰው ወዲያው ጆሮ ላይ የሚያርፍ ነገር ነው። ከ14 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይከፈት።

ላምብ፦ ልጆች ካሉ

94 ደቂቃ፣ 2015። በካን ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ኤፍሬም የሚባል ልጅ እናቱ ሞታበት፣ አባቱ ሥራ ፍለጋ ሲሄድ ከዘመድ ቤት ጥሎት፣ ከበጉ ከቹኒ ጋር በሰው ቤት ያድጋል። አጎቱ በጉ ለመጪው በዓል ይታረዳል ብሏል። ልጁ ደግሞ አንድ ችሎታ አለው፦ ወጥ መሥራት። አጎቱ በወንድ ልጅ ማድቤት መግባት ሲቆጣ፣ ልጁ ሳምቡሳ ሸጦ ለመሳፈሪያ ገንዘብ ያጠራቅማል።

ብዙ ወላጅ “የልጆች ፊልም ነው” ብሎ የአምስት ዓመት ልጅ አጠገብ ይከፍተዋል። እዚህ ላይ ይሳሳታል። ትንሽ ልጅ ከመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ጀምሮ የሚጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ “በጉ ይታረዳል?” እስኪያልቅ በጭንቀት ይቆያል፣ አንዳንዱም አልቅሶ ይተኛል። ከ9 ወይም ከ10 ዓመት ጀምሮ ግን ይሠራል፤ በተለይ በዓል ደርሶ በግ ግቢ ውስጥ ታስሮ ለሚያውቅ ልጅ፣ ማንም ሳይገልጽለት ይገባዋል።

እስራኤል ላሉ ቤተሰቦች ተጨማሪ ምክንያት አለ። ኤፍሬም በእናቱ በኩል ቤተ እስራኤል ነው። ፊልሙ ይህን በጩኸት አያሳውቅም፤ ልጁ ከዘመዶቹ ለምን እንደሚለይ በትንሽ በትንሹ ይገለጣል። ከአያት ጋር ሆኖ ማየት ጥሩ ነው፤ ልጆች የማያነሱትን አያቶች ያነሱታል።

ያሬድ ከሁሉም በላይ የሚያውቀው መሬትን ማሳየት ነው። ጆዜ ዴሼ የቀረጸችው አረንጓዴ ተራራ በትልቅ ስክሪን ካልታየ ግማሹ ይባክናል፤ በስልክ ልጁ ነጥብ ሆኖ ይቀራል። ትንሹ ረድኤት አማረ ያለ ትወና ይተውናል፣ ማለትም ምጣዱ ላይ ሲያጎነብስ እውነት ወጥ እየሠራ ነው። ጋዜጣ የምታነበውን፣ ትዳር አልፈልግም ያለችውን ጽዮንን የምትጫወተው ቅድስት ስዩም ደግሞ ከተሰጣት ሰዓት በላይ የሚገባት ናት። ጽዮን ከፊልሙ በጊዜ መለየቷ የላምብ ትልቁ ጉድለት ነው፤ ከእሷ በኋላ ቤቱ ይቀዘቅዛል፣ ታሪኩም አብሮ።

ጤዛ፦ የተሳሳተ ማታ ላይ የሚከፈተው

ብዙ ሰው “ሞክሬው አልገባኝም” የሚለው ይህንን ነው፤ የሚያሳዝነውም የማይገባ ሆኖ አለመሆኑ ነው። 140 ደቂቃ ነው፣ በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በ2009 በዋጋዱጉው የአፍሪካ ፊልም ፌስቲቫል በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት አግኝቷል። አንበርብር የሚባል ሐኪም በ1990፣ ማለትም በ1982 እና 83 ዓ.ም. ገደማ፣ የደርግ የመጨረሻው ሰዓት ላይ፣ ጣና ዳር ወዳለው መንደሩ ይመለሳል። እናቱ እልል ትላለች፤ እሱ ግን ሌሊት ሌሊት ይቃዣል። ወጣቶች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል።

ችግሩ ጊዜው ነው። ታሪኩ በአራት ቦታ ይመላለሳል፦ የ1970ዎቹ ጀርመን፣ ተማሪዎቹ ስለ አብዮት የሚከራከሩበት፤ የደርግ ዘመን አዲስ አበባ፤ ከዚያ ምሥራቅ ጀርመን፤ እና አሁን ያለበት መንደር። ኃይሌ ገሪማ በጽሑፍ እጅ ይዘው አያሻግሩም። የአንዱ ዘመን ድምፅ የሌላው ዘመን ምስል ላይ ይጀምራል። አምስት ደቂቃ ለሻይ የተነሣ ሰው ሲመለስ አገር ተቀይሮ ያገኛል።

መፍትሔው አንድ ነው፤ ለእንግዳችሁ ከመጀመሩ በፊት ንገሩት፦ እግሩን ተመልከት። አንበርብር በዱላ እያነከሰ ከሄደ መንደሩ ነን፣ 1990 ነን። በሁለት ጤነኛ እግሩ ከቆመ ትዝታ ውስጥ ነን። እግሩ ምን እንደሆነ ፊልሙ በጊዜው ይነግራችኋል፤ እኛ አንነግርም። ሁለተኛው ምልክት ፀጉሩና ልብሱ ነው፤ ጎፈሬው የተማሪነቱ ዘመን ነው። በእነዚህ ሁለት ነገሮች ብቻ ከፊልሙ አብዛኛው ግራ መጋባት ይወገዳል።

የግድ ዕረፍት ካስፈለገ አንበርብር መንደሩ ውስጥ ባለበት ትዕይንት ላይ ይሁን። በትዝታ መካከል ከተቋረጠ መመለሻው ይጠፋል። ሁለት ማታ ከፍሎ ማየትም አይመከርም፤ የመጀመሪያው ሰዓት ጥያቄ ብቻ ስለሆነ፣ ሁለተኛውን ማታ ሰው አይመጣም።

አሮን አረፈ አንበርብርን ሲጫወት ከንግግሩ ይልቅ ዝምታው ይበልጣል። እናቱ ቤት በር ላይ ቆሞ የዘመድ ጫጫታ ሲያዳምጥ፣ ፊቱ ላይ ደስታ ለመምጣት ይሞክርና መንገድ ያጣል። ከእሱ ጋር አብዬ ተድላ የሚጫወተው ተስፋዬ አለ፦ ሳቂታ፣ ፈጣን፣ አገሩ ለመመለስ የሚቸኩል። የፊልሙ ልብ የሁለቱ ጓደኝነት ነው። ተስፋዬ ላይ የሚደርሰውን ሰው ሁሉ ያስታውሳል፤ ከዚያ በፊት ያለውን የሁለቱን የምሽት ወሬ ግን በደንብ ካላዳመጣችሁ ያ ትዕይንት ጩኸት ብቻ ይሆንባችኋል።

ሙዚቃው የጆርጋ መስፍንና የቪጃይ አየር ነው፤ ካሜራው የጣሊያናዊው ማሪዮ ማዚኒ። ሐይቁን ከማለዳ ጉም ጋር ያነሣበት መንገድ ስሙን ያስረዳል፤ ጤዛ ፀሐይ እስክትወጣ ነው ዕድሜው።

ጉድለቱ ከመጨረሻው በፊት ያለው ክፍል ላይ ነው። የምሥራቅ ጀርመኑ ምዕራፍ ብዙ ነገር ተሸክሞ በፍጥነት ያልፋል፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ከአዲስ አበባዎቹ ጋር ሲተያዩ ሥጋና ደም አልለበሱም። ያም ሆኖ፣ የዚያን ትውልድ ታሪክ ለልጁ ማስረዳት ላቃተው አባት ከዚህ የተሻለ አጋዥ አላየንም። ዓይነ ውኃውን ግን እዩ፦ በዚያ ዘመን የታሰረ፣ ወንድም ያጣ ሰው አብሯችሁ ካለ አስቀድማችሁ ጠይቁት። በድንገት አይከፈትበት። ከ16 ዓመት በታችም አይሆንም።

ሳንኮፋ፦ አማርኛ ለማይሰማው ወጣት

125 ደቂቃ ገደማ፣ 1993፣ በአብዛኛው በእንግሊዝኛ። ሞና የምትባል ሞዴል ጋና ውስጥ የባሪያ ንግድ ምሽግ ላይ ፎቶ ስትነሣ፣ ወደ ምድር ቤቱ ወርዳ በሰንሰለት ከታሰሩት ጋር ትገናኛለች፤ ከዚያ ሾላ ሆና የሸንኮራ እርሻ ላይ ባሪያ ናት። ስሙ በአካን ቋንቋ “ተመለስና አምጣ” ማለት ነው።

ትልልቅ አከፋፋዮች ሳይቀበሉት ሲቀሩ ኃይሌና ባልደረቦቻቸው ሲኒማ ቤት እየተከራዩ በየከተማው አሳዩት፤ ጥቁር አሜሪካውያን ተሰልፈው አዩት። ዋሽንግተን ውስጥ ጆርጂያ ጎዳና ላይ፣ ኃይሌ ለብዙ ዓመታት ካስተማሩበት ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት ያለው የመጻሕፍትና የፊልም ቤታቸውም ስሙን ከዚሁ ወስዷል። በ2021 ታድሶ በፊልም ሠሪዋ አቫ ዱቨርኔይ አከፋፋይ ድርጅት በአሬይ በኩል ኔትፍሊክስ ላይ ወጥቷል። ከአምስቱ ንጹሕ ቅጂው ለማግኘት የሚቀለው ይህ ነው።

ለምን ለጎረምሳ? አሜሪካ ያደገ ልጅ የትምህርት ቤት ጓደኞቹን ታሪክና የወላጆቹን አገር ሰው ሥራ በአንድ ማታ አንድ ላይ ያገኛል። ቋንቋው እንቅፋት አይሆንበትም። ጃማይካዊው ገጣሚ ሙታባሩካ ሻንጎን፣ ጋናዊቷ አሌክሳንድራ ዱዋ ኑኑን ይጫወታሉ፤ ኑኑ ስትናገር ስለ አገሯ የምታወራውን ነገር ልጁ ከአያቱ ሰምቶት ሊሆን ይችላል። ኑኑና ቤተ ክርስቲያኑ የነጠቃት ልጇ ጆ፣ ሁለቱ ባሉበት ትዕይንት ሁሉ ፊልሙ ይነድዳል። ነጮቹ ገጸ ባሕርያት ግን ቀጭን ናቸው፣ መግቢያው ላይ ያለው የሞና ክፍልም ሰው ሠራሽነቱ ይታወቃል፤ አሥር ደቂቃውን ታገሡት። የግርፋት ትዕይንቱ ከባድ ነው፤ ከ16 ዓመት ጀምሮ፣ ወላጅ አብሮ ተቀምጦ።

ምርት ሦስት ሺህ ዓመት

ኃይሌ ገሪማ ይህንን በ1974፣ አብዮቱ ሲፈነዳ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ውስጥ፣ ሙያተኛ ባልሆኑ ሰዎች ቀረጹት። ጥቁርና ነጭ ነው፣ 150 ደቂቃ፣ በ16 ሚሊሜትር ፊልም። ጭሰኛ ቤተሰብ፣ ባላባት፣ እና ከበበ የሚባል፣ መንገድ ላይ የሚጮህ “እብድ” የሚባል የቀድሞ አርበኛ። አለቀ። ካሜራው ሰው ሲያርስ፣ ሰው ሲያርፍ፣ ሰው ከባላባቱ ፊት ሲሰግድ ያያል፤ አይቸኩልም።

የሚሰለቸው ታሪክ የሚጠብቅ ሰው ነው። የሚያየው ግን አንድ ነገር ይገባዋል፦ ባላባቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ገበሬውን የሚሰድብባቸው ረጃጅም ትዕይንቶች ድግግሞሽ አይደሉም። በእያንዳንዱ ዙር ገበሬው ትንሽ ቀና ይላል፣ ወይም ትንሽ ይጎነበሳል። ቁጠሩት። ከጤዛ ጋር ሲወዳደር፣ ጤዛ የተማረው ሰው ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ይህ የሚያርሰው ሰው ምን እንደሆነ ያሳያል፣ ያለ ማብራሪያ። ለዚህ ነው የምናስበልጠው። ለብቻ፣ ከሰዓት በኋላ፣ ሳይደክሙ ይታይ። ማታ ከእራት በኋላ ከከፈታችሁት ትተኛላችሁ።

ቅጂው ትክክል መሆኑን እንዴት እናውቃለን?

ጥሩ ፊልም በመጥፎ ቅጂ ብዙ ጊዜ ይበላሻል፤ መጀመሪያ ርዝመቱን እዩ። ጤዛ 140 ደቂቃ መሆን ሲገባው 134 ካለ አትደንግጡ፤ በሴኮንድ 24 ምስል የተቀረጸ ፊልም ለአውሮፓ ቴሌቪዥን በ25 ሲጫወት በመቶ 4 ያህል ይፈጥናል፣ የተቆረጠ ነገር የለም። በዚሁ ስሌት ድፍረት 95፣ ላምብ 90፣ ምርት ሦስት ሺህ ዓመት 144 ይሆናሉ። ጤዛ 115 ካለ ግን ተቆርጧል፤ አትክፈቱት።

ቀጥሎ የግርጌ ጽሑፍ። ጤዛ ውስጥ ጀርመንኛ አለ፤ “አማርኛ እሰማለሁ” ብሎ ጽሑፉን ያጠፋ ሰው የጀርመኑን ክፍል ያጣል። ከመጀመሩ በፊት ጽሑፉ ያለበትን የጀርመን ትዕይንት ፈልጋችሁ አረጋግጡ፤ በየቦታው ተቆራርጠው የተጫኑት ቅጂዎች ላይ ብዙ ጊዜ የለም።

የምስሉ ቅርጽም አለ። ምርት ሦስት ሺህ ዓመት ወደ ካሬ የቀረበ ምስል ነው፤ በዘመኑ ቴሌቪዥን ላይ ግራና ቀኙ ጥቁር ሆኖ መታየቱ ትክክል ነው። “ስክሪኑ ይሙላ” ብላችሁ ካሰፋችሁት ወይ ሰዎቹ ይወፍራሉ፣ ወይ ጭንቅላታቸው ይቆረጣል። ጥቁርና ነጩ በጣም ደማቅ በሆነ ማስተካከያ ሲታይ የገበሬው ፊት ዝርዝር ይጠፋል፤ ቴሌቪዥኑን “ሲኒማ” ወይም “ፊልም” የሚለው ላይ አድርጉት፣ እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንም ማስተካከያ አጥፉት፤ እሱ ሲበራ ፊልሙ የቀጥታ ስርጭት ድራማ ይመስላል። ድምፅ ላይ ደግሞ ጤዛ በቴሌቪዥኑ የጀርባ ድምፅ ማጉያ ብቻ ሲታይ ሹክሹክታው ይጠፋል፤ ትንሽ ውጫዊ ስፒከር ወይም ጆሮ ማዳመጫ ብዙ ለውጥ ያመጣል።

ሁሉንም ለማየት ያሰበ ሰው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ይሻለዋል፦ ድፍረት፣ ላምብ፣ ሳንኮፋ፣ ጤዛ፣ ምርት ሦስት ሺህ ዓመት፤ በሳምንት አንድ። ሳንኮፋ ከጤዛ የሚቀድመው በምክንያት ነው። የኃይሌ ገሪማ ጊዜን የማመላለስ ልማድ ሳንኮፋ ላይ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በግልጽ፣ በአንድ በር በኩል ይታያል፤ ሞና ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ። ያንን በር ያየ ሰው ጤዛ ውስጥ በሩ ሳይታይ ሲሻገሩ አብሮ ይሻገራል።